ኤስኤስዲ ከቀየርኩ በኋላ እየተዘጋ ያስቸገረኝ ፒችትሪ፤ የ16 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 2017

ማሽኑ የታላቅ እህቴ ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። እህቴ ለትንንሽ ሱቆችና ለሁለት ጋራዦች ሂሳብ ትሠራለች። የ9 ደንበኛ ሂሳብ በሙሉ ያለው እዚህ ማሽን ላይ፣ ፒችትሪ 2010 በሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሰሞኑን ለመነሳት 6 ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። አሁን ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ተጨመረበት።

የዲስክ ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ ጫንኩና አየሁት። ቢጫ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። ሲ5 የሚባለው መስመር 18 ይላል። ይሄ መስመር ዲስኩ ማንበብ ያቃተውን ሴክተር፣ ማለትም የዲስክ ቁራጭ ቦታ፣ ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ካልቀየሩት በስተቀር ቁጥሩን በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ 18 የተባለው 24 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከምናሌው ገብቼ ወደ ተለመደው ቁጥር ቀየርኩት።

ክሎን ላድርገው፣ ማለትም ዲስኩን እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ ልገልብጠው፣ ወይስ ዊንዶውስን ከዜሮ ልጫን? የታመመ ዲስክ ክሎን ሲደረግ የተበላሸው ፋይል አብሮ ይሻገራል። ሁሉንም ሴክተር ማስነበቡ ራሱ ዲስኩን እዚያው ሊጨርሰው ይችላል። ከዜሮ ይሁን አልኩ።

ባክአፑን በራሱ በፒችትሪ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስሙ በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሰጣል። ከዚያ ውጭ የዳታ ፎልደሮቹንም እንዳሉ ገለበጥኩ፣ ሁለት ፍላሽ ላይ። እህቴ ደግሞ የ9ኙንም ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳብ ቀሪ ዝርዝር) በወረቀት እናሳትም አለች። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ታተመ፣ ፋይል ተደረገ።

የፒችትሪ መጫኛ ሲዲው የለም። ያለው ኮፒ ዲስኩ ላይ ብቻ ስለሆነ እሱንም ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ሲሪያል ቁጥሩ ግን ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፣ ተመስገን።

ከሰዓት መገናኛ ሄጄ በሳታ ኬብል የሚገናኝ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ፣ በ5,400 ብር ገዛሁ።

እሑድ፣ የካቲት 2

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመርኩ። ኤስኤስዲው ትንሽ ነው፣ የዴስክቶፑ ቦታ የተሠራው ለትልቁ ሃርድ ዲስክ ነው። መግጠሚያ ብረት አልገዛሁም። በባለሁለት ፊት ማጣበቂያ ከኬዙ ግድግዳ ጋር አያያዝኩት። የሳታ ኬብሉ ድሮ የነበረው ነው። አልደርስ ሲል ጠምዝዤ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ሥር አሳልፌ አደረስኩት። የኬዙ ክዳን ሲገጠም ኬብሉን ትንሽ ይጫነዋል። ካቻቢቴ ይዤ አጠበቅኩትና ዘጋሁት።

ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ሳታው በሬይድ አሠራር ነበር የተቀመጠው፣ ለአንድ ዲስክ ወደሚሆነው ኤኤችሲአይ ቀየርኩት። ይሄን ዊንዶውስ ከመጫን በፊት ማድረግ ይሻላል፤ በኋላ ከሆነ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል። ዊንዶውስ 10 ጫንኩ። 11 ይሄን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ተጭኖ ሲያልቅ በ20 ሴኮንድ ገደማ ይነሳል። እህቴ ሁለት ጊዜ አስጠፍታ አስነሳችው፣ አላመነችም።

ፒችትሪው ለመጫን ዶት ኔት 3.5 የሚባለውን የማይክሮሶፍት ማገዣ ጠየቀ። ዊንዶውስ 10 ላይ አለ፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔቱ ስላልቻለ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሹ ላይ፣ ሶርስስ ውስጥ ካለው ኤስኤክስኤስ ፎልደር በዲስም ትእዛዝ አስገባሁት። ከዚያ ፒችትሪው ያለ ችግር ተጫነ። ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የተባለውን የመለማመጃ ድርጅት ከፈትኩ፣ ይሠራል። 9ኙን ባክአፕ መለስኩ። 10 ሰዓት ላይ ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስልክ። «ፒችትሪው በራሱ ይዘጋል» አለችኝ። ደረሰኝ እያስገባች ነበር። መስኮቱ ነጣ፣ ስታክ አደረገ፣ ከዚያ «መሥራት አቁሟል» የሚለው የዊንዶውስ መልእክት መጣ። መልሳ ስትከፍተው ከፈተላት። ጄኔራል ሌጀር የሚባለውን የሂሳብ መዝገብ ስታወጣ እንደገና ተዘጋ።

ማታ ሄድኩ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። አሁን ጭራሽ ሲከፈት ገና አርማው ላይ እያለ ይዘጋል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ፒችትሪ ዳታውን የሚያስቀምጠው ፐርቬሲቭ በሚባል ዳታቤዝ ነው። ፒችትሪን ስታጠፋው ፐርቬሲቭ አብሮ አይጠፋም፤ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። እኔ ትላንት ያጠፋሁት ፒችትሪውን ብቻ ነው። ስለዚህ ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ሆኖ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም አጠፋሁ። ፕሮግራም ዳታ ውስጥ የቀረውን ፎልደር በእጄ ሰረዝኩ። አስነሳሁ፣ እንደገና ጫንኩ። ፐርቬሲቭ ሰርቪሱ መነሳቱን አየሁ። ፒችትሪ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሪፖርት እያወጣሁ ፈተንኩት፣ አልተዘጋም።

አገኘሁት ብዬ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አላገኘሁትም። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ተዘግቷል። እህቴ በዚህ ወር መጨረሻ የጥር ቫት ሪፖርት ለ6 ደንበኞች ማስገባት አለባት። በስልክ ድምፅዋ ተለውጧል። «ኤክሴሉም አንዳንዴ ለግማሽ ደቂቃ ይቆምብኛል» አለችኝ። እኔ ሐሳቤ ፒችትሪ ላይ ስለነበር አለፍኩት። እዚህ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳያልፈው ነው። የዚያን ቀን በደንብ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት አተርፍ ነበር።

ማታ የሞከርኩት ብዙ ነው። ፒችትሪውን በዊንዶውስ 7 ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ፣ በአድሚኒስትሬተር አስከፈትኩት። የዊንዶውሱ ፀረ ቫይረስ ዲፌንደር ፎልደሮቹን እንዳይነካ ነገርኩት። ዲፎልት ፕሪንተሩን ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩ፤ የሂሳብ ፕሮግራሞች ፕሪንተር ሲያጡ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ችግሩ እያንዳንዱን ነገር በቀየርኩ ቁጥር ለትንሽ ጊዜ የተሻለ ይመስላል። አንዳንዴ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ 2 ሰዓት ይቆያል። መቼ እንደሚዘጋ የማይታወቅ ነገር ሲሆን የነካኸው ሁሉ መድኃኒት ይመስልሃል።

ዊንዶውስ ስህተቶችን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪውወርንም ከፍቼ ነበር። ቁጥሩ 1000 የሆነ ስህተት አለ፣ የፒችትሪው ስም ተጽፎበታል። ኮዱን አየት አደረግኩና በሲ ጀምሮ በ5 የሚያልቀው የተለመደው መሰለኝ። እሱ አንድ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣ ነው። የፕሮግራሙ ችግር ነው ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አሁን የምጠረጥረው መጫኛውን ነው። የገለበጥኩት ከታመመ ዲስክ ነው። 24 የማይነበብ ሴክተር ካለው ዲስክ የወጣ መጫኛ ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ሲኤምሲ አካባቢ የሚሠራ ጓደኛዬ ያው እትም ከነኦሪጅናል ሲዲው አለው። ታክሲ ደርሶ መልስ 420 ብር። ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የሁለቱንም ትልልቅ ፋይሎች ሻ256፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ አወጣሁ። አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁሉም አንድ ናቸው።

ተናደድኩ፣ ግን ይሄም ውጤት ነው። መጫኛው ጤነኛ ነው። ከዚህ በኋላ መልሼ መጫን እንደማይጠቅም አወቅኩ። እስካሁን 5 ጊዜ ጭኛለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ራሙን እንፈትሽ። ሜምቴስት86 ፍላሽ ላይ አድርጌ ማታ 1 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። 2 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ እንደገና ከዜሮ። አራቱንም ዙር ሲጨርስ ሌሊት ሆኗል። ስህተት ዜሮ። ኤስኤፍሲ ስካንም የዊንዶውስ ፋይሎቹ ደህና ናቸው አለ።

እህቴ እስከዚያው በወረቀት እየሠራች ነው። የእጅ መዝገብ አውጥታለች። ካልኩሌተሩን እየነካች አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሦስት ቀን ሳልነካው ቆየሁ፤ ሥራዬም ያዘኝ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ሄጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ምንም ሳልቀይር። ብዕርና ወረቀት ያዝኩ። ኢቨንት ቪውወርን ከፍቼ የእያንዳንዱን መዘጋት ሰዓት፣ ቁጥርና ኮድ ጻፍኩ።

ከሁለተኛው መስመር በላይ አልሄድኩም። ኮዱ በሲ ይጀምራል፣ ስድስት ዜሮ ይከተላል፣ መጨረሻው 5 አይደለም። 6 ነው። ባለፈው ረቡዕ ዓይኔ የለመደውን ነው ያነበበው።

የ5 እና የ6 ልዩነት ትልቅ ነው። ዊንዶውስ አንድን ፕሮግራም ሲከፍት በሙሉ ወደ ራም አያስገባውም። የሚያስፈልገውን ቁራጭ በሚያስፈልገው ጊዜ ከዲስክ ይጎትታል። ያ ቁራጭ ተጠርቶ ዲስኩ መስጠት ካልቻለ ፕሮግራሙ የሚሄድበት ያጣል፣ ይዘጋል። በ6 የሚያልቀው ኮድ ይሄ ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም ማለት ነው። የጠየቀውን አላገኘም።

ከ1000ው አጠገብ ቁጥሩ 1005 የሆነ ሌላ ስህተት አለ። ዊንዶውስ ፋይሉን ማግኘት አልቻለም፤ ምክንያቱ ኔትወርክ፣ ዲስክ ወይም የዲስክ ድራይቨር ሊሆን ይችላል ይላል። በግልጽ ተጽፏል። ከሰኞ የካቲት 3 ጀምሮ እዚያው ነበር።

ከዚያ አፕሊኬሽን ከሚለው ወጥቼ ሲስተም ወደሚለው ሎግ ገባሁ። እስከዛሬ አልገባሁበትም፤ የፕሮግራም ችግር መስሎኝ። ገጹ በማስጠንቀቂያ ተሞልቷል። 129፣ ስቶርኤኤችሲአይ (የሳታ ድራይቨሩ)፣ ዲስኩ ሪሴት ተደረገ። 153፣ ዲስክ፣ ንባቡ እንደገና ተሞከረ። እንደገና 129። የፒችትሪው መዘጋት 4:12 ከሆነ፣ 129ኙ 4:11 ላይ አለ። ወረቀቴ ላይ ከጻፍኳቸው 11 መዘጋቶች 11ዱም እንደዚህ ናቸው። በመሃል ደግሞ ምንም ያልተዘጋባቸው ብዙ 129ዎች አሉ። እነሱ የእህቴ ኤክሴል የቆመባቸው ግማሽ ደቂቃዎች ናቸው።

እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ። ነግራኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሐሳቤ አዲሱ ኤስኤስዲ ተበላሽቶ ነው የሚል ነበር። ክሪስታልዲስክኢንፎ ግን ሰማያዊ፣ ጤንነት 100 በመቶ ይላል። ወደ ታች ስወርድ ሲ7 የሚለው መስመር 418 ነው። ሲ7 የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በመንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረሰን ዳታ ነው። ዲስኩ ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። መንገዱ ደግሞ ኬብሉ ነው።

4 ጊጋ የሆነ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ገለበጥኩ። 447። እንደገና ገለበጥኩ። 471። ዓይኔ እያየ ይጨምራል። ትራንስፈር ሞዱም ሳታ 300 ከ600 ይላል፤ ማለትም 6 ጊጋቢት የሚችለው መስመር ከስህተቱ ብዛት የተነሳ ወደ 3 ወርዷል።

ክዳኑን ከፈትኩ። ኬብሉ እሑድ ጠምዝዤ ባስቀመጥኩት ቦታ አለ። ክዳኑ የተጫነው ቦታ ላይ ጥርት ያለ እጥፋት ይታያል። በእጄ ነው ያጠፍኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ክሊፕ ያለው 50 ሴንቲ የሳታ ኬብል 250 ብር። ለኤስኤስዲ መግጠሚያ ብረት 350 ብር። ማጣበቂያውን ልጬ ጣልኩ፣ በብሎን አሰርኩት። ኬብሉ ዘና ብሎ፣ ሰፊ ክብ ሠርቶ ይሄዳል። ማዘርቦርዱ ላይም ከነበረበት ፖርት ወደ ሌላ ቀየርኩት።

ትራንስፈር ሞዱ አሁን 600 ከ600 ይላል። ያንኑ 4 ጊጋ ፋይል 10 ጊዜ ገለበጥኩት። ሲ7 ከ471 አልተነሳም። ይሄ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፤ ዲስኩ እስካለ ድረስ የተቆጠረው ይቀመጣል። ስለዚህ የሚታየው ብዛቱ ሳይሆን መጨመር ማቆሙ ነው።

ፒችትሪን ከፈትኩ። የትልቁን ጋራዥ የሙሉ ዓመት ጄኔራል ሌጀር አወጣሁ። እንደገና አወጣሁ። ሲስተም ሎጉ ላይ አንድም 129 የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ትላንት ኬብልና ፖርት አብሬ ቀየርኩ። የትኛው እንደነበረ በትክክል አላወቅኩም፣ ይሄ ደግሞ እንቅልፍ አይሰጠኝም። ፖርቱ ከሆነ ማዘርቦርዱ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ እህቴ ማወቅ አለባት።

ስለዚህ አዲሱን ፖርት ሳልነካ አሮጌውን ኬብል መለስኩ፣ አሁን ሳላጥፈው፣ ቀጥ አድርጌ። አንድ ጊዜ ገለበጥኩ። 480። ሁለተኛ፣ 489። ኬብሉ ነው። ቀጥ ቢልም ውስጡ ተጎድቷል። ቀጥሎ አዲሱን ኬብል በድሮው ፖርት ላይ አደረግኩ። 10 ጊዜ ገለበጥኩ፣ 489። ፖርቱ ንጹህ ነው።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክም በዩኤስቢ አስማሚ አየሁት። የሱ ሲ7 12 ብቻ ነው፣ ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ። ያ ዲስክ የሚሠራው በ3 ጊጋቢት ነበር። ኤስኤስዲው እጥፍ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ለኬብል ጉድለት ያለው ትዕግሥትም ያነሰ ነው። እኔ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር አብሬ አጠፍኩት።

አሮጌውን ኬብል በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት። ሌላ ሰው አንስቶ ደህና ኬብል መስሎት እንዳይጠቀምበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ ስለ ዳታው ነው። ፕሮግራሙ አሁን አይዘጋም፣ ግን በነዚያ 11 መዘጋቶች መሃል የገባው ደረሰኝ በትክክል ተጽፏል ወይ? አንድ ፕሮግራም መጻፍ ጀምሮ መሃል ላይ ከተዘጋ ዳታው ግማሹ ሊቀር ይችላል። ፒችትሪ ውስጥ ዳታ ቬሪፊኬሽን የሚባል መፈተሻ አለ። ለ9ኙም አስኬድኩት። 8ቱ አለፉ። የአንዱ ጋራዥ ላይ ስህተት አገኘ።

ያንን ለመጠገን አልሞከርኩም። የ9ኙንም ከየካቲት 1 ባክአፕ እንደገና መለስናቸው፣ ያለፉትንም ጭምር። እህቴ ናት የወሰነችው። «የሰው ገንዘብ ነው፣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አልፈርምም» አለች። ከዚያ ያንን በወረቀት የታተመ ትሪያል ባላንስ አወጣች። እሷ ከወረቀት ታነባለች፣ እኔ ከስክሪን አያለሁ። መስመር በመስመር፣ 9ኙንም። ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሳንቲም አልተለያየም።

ባክአፑ ከወጣ በኋላ የተጻፉ 41 ደረሰኞች ነበሩ። ወረቀታቸው ስላለ ሁሉንም እንደገና አስገባች። እኔ አነበብኩላት።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቅበላ ነው፣ እሷ ቤት ነን። ነገ ጾም ይገባል። ከዶሮው በኋላ ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ቢሮ ሄድኩ፣ 10 ደቂቃ ነው በእግር።

ሲስተም ሎግ ከየካቲት 14 ማታ ወዲህ 129 የለም፣ 153 የለም። ዓርብ ያሉት በአሮጌው ኬብል ስሞክር የመጡት ናቸው። ትላንት ፒችትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ ነው የዋለው፣ 1000ም የለም። አዲስ ባክአፕ በሁለቱም ፍላሽ ላይ አወጣሁ። አንዱ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ አንዱ እሷ ጋ።

ወጪው ኤስኤስዲው 5,400፣ ኬብሉ 250፣ ብረቱ 350 ነው። ታክሲ ደግሞ የሲኤምሲውን ጨምሮ ወደ 1,600 ደርሷል። እህቴ የታክሲውን ልክፈል አለች፣ እምቢ አልኩ። የእሷ 11 ቀን በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አላደረግኩም። ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቀኑን ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ ገባ። ክዳኑን በአራቱም ብሎን ዘጋሁት፣ ኬብሉን የሚነካ ነገር የለም። ከመውጣቴ በፊት ሲ7ን አየሁ። 489።